መጽሐፌን ያላነበቡት ሐያሲ

አገር ያለ ሐያሲ አያድርም። ሐኪም የሌለው ወረዳ ታገኙ ይሆናል፤ መብራት የሌለውማ ሞልቷል። መጽሐፍ ሳይገልጥ መጽሐፍ የሚያርድ ሰው የሌለው ከተማ ግን የለም። የከተማችን የመካነ ሰላም ሐያሲ ክቡር ጋሽ አሻግሬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ የእኔም አስተማሪ፣ የሥነ ጽሑፋችን ሰበር ሰሚ ችሎት።

ሌላው ከጅዳ ሲመለስ ቴሌቪዥን ይዞ ይገባል። እኔ ይዤ የገባሁት በስልኬ የጻፍኩትን ልቦለድ ነው። እናቴ ሻንጣዬን ሁለቴ ፈተሸችው።

መጽሐፉ ታትሞ ከደሴ በጭነት መኪና ሁለት ካርቶን መጣ። ጋሽ አሻግሬ አንዱን ቅጂ አንሥተው በእጃቸው መዘኑት።

“ቀጭን ነው” አሉ። የመጀመሪያው ሂስ ይኸው ነበር።

በሳምንቱ ሻይ ቤት አግኝቻቸው “ጋሽዬ፣ አነበቡት?” አልኳቸው።

“ሽፋኑን አይቻለሁ። አንቺንም አውቅሻለሁ። ምን ቀረኝ?”

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ ሚኒባስ ውስጥም “አስተምሬያታለሁ፤ አትችልም!” ማለት ሆነ ሥራቸው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለ መጽሐፉ ባዘጋጀው ውይይት ላይ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አሟሟት ጨርሶ እንዳላሳመናቸው አብራሩ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚሞት ሰው የለም።

ጣጣው የመጣው በሌላ በኩል ነው። በልቦለዱ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ስትለፋ የልጅቷን እጮኛ ለገዛ ሴት ልጇ የምትድር ጎረቤት አለች። ከራሴ የፈጠርኳት ናት። ጎረቤታችን እትዬ በዛች ግን “እኔን ነው የጻፈችው!” እያሉ ከተማውን አዳረሱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

እንደ ወጋችን ሽማግሌ ተቀመጠ። ሸህ ሱፍያን ዱአ አድርገው ተናገሩ፦ “ፈውዚያ፣ ልጄ፣ በዛችን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ሁለተኛም ላትጽፊ በአላህ ስም ትምያለሽ።”

ይቅርታውን ጠየቅሁ። መሐላው ግን አልወጣልኝም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የማለ አያፈርስም። ስድስት ዓመት ጅዳ በሰው ወጥ ቤት ስሠራ ያቆመችኝ ደግሞ ያቺው ስልኬ ላይ የምጭራት ነገር ነበረች። አለቀስኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ አሻግሬ! ሲነሡ ሳይ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

“ይቺ ልጅ መጻፍ አትችልም” አሉ። ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ። “አትችልም ያልኩት እኔ ነኝ። አትጻፍ ግን ብያለሁ? ካልጻፈች በምን ትማራለች? የምታስምሏት ከሆነ እኔ ከሽምግልናው ወጥቻለሁ።”

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ሄዱ። አንድ ሽማግሌ አኩርፎ የወጣበት እርቅ እንደማይጸና ሁሉም ያውቃል። ሸህ ሱፍያን ጢማቸውን እያሻሹ “እሺ፣ መሐላው ይቅር” አሉ። እትዬ በዛችም ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ትከሻዬን ሳሙኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ ጋሽ አሻግሬን ተከትዬ ወጣሁ። “ጋሽዬ፣ አላህ ይስጥልኝ።”

“ተይ እባክሽ! ሁለተኛውን መቼ ነው የምትጨርሺው?”

“ምነው?”

“ዕድሜዬ እየገፋ ነው። ሳልተቸው እንዳልሞት።”

የዚያኑ ቀን ጀመርኩት። ቶሎ ልጨርሰው ግን አልፈልግም፤ ይቆዩልኝ።