ጋሽ ሽታው አንድ ሳንድዊች የመዘኑበት ሰኞ

ይህን የምታነቡ ሁሉ አስተውሉ፤ የማታነቡም ካነበበው ጠይቁ፦ በሐይቅ ከተማ፣ በዘመነ ቶከን፣ ይኸውም «ጅዳ ፈጣን» የተባለው ምግብ ቤት በሩን ከፍቶ ሕዝቡ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መቀመጥን በተማረ በአምስተኛው ወር፣ ጥር በባተ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ሳንድዊች ታዘዘ።

ያዘዙትም ክቡር ወልዑል ጋሽ ሽታው ነበሩ፤ መዋዔ አርፋጅ፣ ሥዩመ ፊሽካ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩና በዩኒት ሊደርነት የትምህርት ቤቱን በር የጠበቁ፣ ለአንድም ተማሪ ያላገኘውን ነጥብ ጨምረው የማያውቁ፣ አባት በሽምግልና ቢመጣ እናት በለቅሶ ብትመጣ ቀይ እስክሪብቷቸው ያልተበገረ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ አስተናጋጅ ሻይ እስኪያመጣ ድረስ በከንፈራቸው ሴኮንድ የሚቆጥሩ።

የነገሩም መነሻ እንዲህ ነው። የቤቱ ባለቤት ባድሩ፣ ጅዳ ሰባት ዓመት ዶሮ ጠብሶ የተመለሰው፣ አሁን ደሴ ተቀምጦ ግዛቱን በቴሌግራም የሚያስተዳድረው፣ ሐይቅ ላይ ደንበኛ ይጉላላል፣ ትእዛዝም ይምታታል የሚል ወሬ ቢደርሰው ተቆጣ፤ ተቆጥቶም በድምፅ መልእክት ይህን አዋጅ ነገረ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልመዘኑልኝ ማን ይመዝንልኛል? ማንም ሳያውቅብዎ ገብተው ይዘዙ። ፍጥነት ከሃምሳ፣ የትእዛዝ ትክክለኛነት ከሃምሳ። ሳይበሉ በፊት ምግቡን ፎቶ ያንሱልኝ። ሰባ ያልሞላላት ካሸር ትሰናበታለች፤ ወላሂ አልምርም! እርስዎ የጻፉትን ደግሞ አንዲት ነጥብ አልነካም፤ እሱንም ወላሂ!»

ካሸሯም አንዲት ብቻ ነበረች፤ ስሟም ፈዲላ። ኩዌት አራት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ የተመለሰች፣ ዳግመኛ ላትሄድ በእናቷ ፊት የማለች፣ ነገር ግን ደላላው በየሳምንቱ እየደወለ «ቪዛሽ እጄ ላይ ነው» የሚላት፣ ከዚያ ባንኮኒ ከተነሣች ሌላ የምትቆምበት የሌላት ልጅ ናት። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ጋሽ ሽታውም ያውቃሉ። ቢያውቁም እስክሪብቷቸው የሰው ችግር የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውምና፣ እሑድ ቅዳሴውን ትተው ቤታቸው ቁጭ አሉ፤ የስልካቸውን ሰዓት መቁጠሪያ ሲያስነሡና ሲያቆሙ፣ ሲያቆሙና ሲያስነሡ ዋሉ። ባለቤታቸው ለአስተርዮ ማርያም ግሸን ወጥተው፣ ሲመለሱም ውጫሌ እኅታቸው ዘንድ ሰንብተው ነበርና፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያን!» የሚል ድምፅ በቤቱ አልተሰማም።

ወእምዝ ሰኞ ደረሰ። ጋሽ ሽታውም ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የክረምት ካፖርታቸውን በጠራራ ፀሐይ ደርበው፣ የነጥብ መስጫ ቅጻቸውን በደረት ኪሳቸው ሸሽገው ወጡ። በዚያ ምስጢራዊ ዘመቻ የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ካፖርቱን አይተው ዳማቸውን በእንጥልጥል የተዉ ሁለት ተጫዋቾች፤ ጋሼ ታመዋል፣ በነጻ ላድርስዎ እያለ ባጃጁን በእግረኛ ፍጥነት ከጎናቸው የነዳ ዑበይዱላህ፤ አንዲት ሎተሪ ሻጭ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚፈራቸው፣ ዛሬም ሽበት አብቅሎ ሲያያቸው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት ልብስ ሰፊው ሳሊሕ፤ ደግሞም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ሰው ሲሄድ አይተው የሄዱ ስድስት ሰዎች። የምስጢሩ ሠራዊት በጠቅላላው አሥራ አንድ ነፍስ ሆነ።

ከባንኮኒውም ፊት በቆሙ ጊዜ ጋሽ ሽታው እጃቸውን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰድደው ሰዓቱን አስነሡ። ፈዲላም መነጽሩን አየች፣ ካፖርቱን አየች፣ ሠራዊቱንም አየች፤ አይታም እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ውይ ጋሼ ሽታው! አማን ዋሉ? ጤናዎስ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እትዬ ከግሸን ገቡ? ምነው በዚህ ሐሩር ካፖርት፣ ብርድ መታዎ እንዴ? ቆመው ሳይዎ እንዴት ደስ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ!»

በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልስ ምግብ የሚያዝ ሰው ገና አልተወለደምና፣ ጋሽ ሽታው የእናቷን የዑምኩልሱምን ጤና፣ የእናቷን ላም፣ የላሟንም ጥጃ አንድ ባንድ ጠየቁ፤ ስለ እያንዳንዱም ምስጋና ቀረበ። ከዚያ አሥራ አንዱ ተራ በተራ ሰላም አሏት፤ እርሷም ለአሥራ አንዱ መለሰች። ከዳማ ተጫዋቾቹ አንዱ ለካ የአጎቷ ሚዜ ኖሮ ሰላምታው እንደ ገና ተጀመረ። ኪስ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን ዘመድ አያውቅምና ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ በላ።

ከዚህ በኋላ ትእዛዝ ሆነ። በሥጋው ነገር ሁለቱም ወገን የየራሱን ቢላዋ ስለሚያውቅ፣ ለክርስቲያኑ የተከፈተው ግዛት ከእንቁላልና ከአትክልት አያልፍም፤ ስለዚህ ጋሽ ሽታው በአዳራሽ ድምፃቸው እንቁላል ሳንድዊች፣ ከነቺዙ፣ ከነማዮኔዙ ሲሉ አዘዙ። የፈዲላ ጣት ማሽኑ ላይ ቆመ። እንቁላል መሆኑን ጠየቀች፤ እንቁላል መሆኑ ጸና። ከነቺዙ መሆኑን ጠየቀች፤ ከነቺዙ መሆኑ ጸና። ከኋላቸው አሥራ አንድ ሰው ጆሮውን ቀስሮ ቆሟልና ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ማሽኑም «እንቁላል፣ ቁጥር 37» የሚል ደረሰኝ ተፋ። እርሷ ግን ወደ ኩሽናው መስኮት ዞር ብላ ለወጥ ቤቱ ለሐሰን አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ ሐሰንም ሳቀ።

በዚህ መካከል ቄስ አስረስ፣ የጋሽ ሽታው የንስሐ አባት፣ ባትሪው ያለቀ ስልካቸውን ሊሰኩ ገቡ፤ ከወንበሩም ሁሉ መርጠው ከመንፈስ ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ወዲያው አዋጅ ነጋሪዋ ፈዲላ ጮኸች፦

«ሠላሳ ሰባት! ሠላሳ ሰባት ቁጥር! የጋሼ ሽታው ምስር ሳንድዊች ደርሷል!»

ጋሽ ሽታው ሰዓቱን አቆሙ። አሥራ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ለፍጥነት ከሃምሳ ሃያ ሁለት ብለው በቀይ ጻፉ። ወረቀቱን ገልጠው ፎቶ አነሡ፤ በዳቦው መካከል ቀይ ምስር ከነቃሪያው ተኝቷል፤ እንቁላል የለም፣ ቺዝ የለም፣ ማዮኔዝ በአካባቢው አላለፈም። በዚህ ጊዜ የኮረጀ ተማሪ ሲይዙ የሚለብሱት ያ ፊት ፊታቸው ላይ ወጣ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እስክሪብቷቸውን እንደ ጦር ይዘው ወደ ባንኮኒው ገሠገሡ፤ ሠራዊቱም ተነሣ። ትእዛዝ መሳሳቱን በአደባባይ ሊያውጁ ደረታቸውን ሲነፉ፣ ፈዲላ ጎንበስ ብላ ከእርሳቸው በቀር ማንም ያልሰማውን አዋጅ ቀድማ አወጀች፦

«ጋሼ፣ ነነዌ እኮ ዛሬ ገባ። ከጧት ጀምሮ ክርስቲያኑ ሁሉ ምስር ምስር ሲለኝ ነው የዋለው። ቄሱ ከኋላዎ ናቸው። አብሽሩ፣ ዝም ብለው ይብሉ።»

ጾመ ነነዌ! ያች ሦስት ቀን ብቻ የምትቆየው፣ በየዓመቱ ቀን የምትቀያይረው፣ እሑድ በቅዳሴው መጨረሻ ለሕዝቡ የተነገረችው! ጋሽ ሽታው ደግሞ ጧት ወተት ጠጥተው ነበር የወጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት አርፋጅ ያንበረከኩት ጌታ በገዛ ጾማቸው አርፍደው በር ላይ ተያዙ፤ የያዘቻቸውም አምስት ጊዜ የምትሰግደዋ ፈዲላ ናት። ደረታቸው ተነፍቶ ነበርና ያንን አየር የሚያደርጉበት ቢያጡ አስነጠሱ። ተመልሰውም ተቀመጡ፤ ሠራዊቱም አብሮ ተቀመጠ።

ቄስ አስረስም ምስሩን አይተው ልባቸው ተነካ፤ መስቀላቸውን አውጥተው ቤቱን ሁሉ እንዲህ ሲሉ ገሠጹ፦

«እዩት ሽታውን! ይሄ ሁሉ እንቁላል አፍንጫው ሥር እየተጠበሰ እሱ ምስር! ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ! እናንተ ዳማ ተጫዋቾች፣ እንዲህ ነው መጾም። ይባርክህ፣ ልጄ፤ ዕድሜ ይስጥህ!»

ከአሥራ አንዱ ክርስቲያኖቹ አሜን፣ ሙስሊሞቹ አሚን አሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብላ አሚን ያለችው ፈዲላ ነበረች። ጋሽ ሽታውም ጆሯቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ሳንድዊቹን እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በሉ።

ከዚያም ከጦርነት ሁሉ የከፋው ጦርነት መጣ። ቅጹ ተዘርግቷል። የታዘዘው ሌላ፣ የቀረበው ሌላ፤ በሒሳብ ሕግ ዜሮ ነው። ዜሮ ሲደመር ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ነው፤ ሃያ ሁለት ማለት ደግሞ ደላላው፣ ቪዛው፣ ኩዌት ነው። ሰዓቱን ለመደለል ሕሊናቸው እንቢ አለ፤ የተቆጠረ ተቆጥሯል። አንዲቱ ባዶ ሳጥን ግን በፊታቸው አፏን ከፍታ ቆየች። ፈዲላ ስለ ቅጹ ምንም አታውቅም፤ የሚቀጥለውን ደንበኛ ስለ አጃው አዝመራ እየጠየቀች ነበር። በመጨረሻ ያ ጆሮ የሌለው እስክሪብቶ ወረደና «ትክክል፤ ሃምሳ ከሃምሳ» ብሎ ጻፈ። ሲደመር ሰባ ሁለት ሆነ። ቅጹም ከነፎቶው በቴሌግራም ወደ ደሴ ሄደ።

ኦ ሽታው! ሰይፍ የመዘዘ ብዙ ነው፤ የገዛ ቀይ እስክሪብቶውን በገዛ እጁ የማረከ ግን ከሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል ገደል ማን አለ? ጀግና በመግደል ይመሰገናል፤ አንተ ግን ምስር በልተህ አዳንህ። ስምህ በባጃጅ መስታወት ላይ ይጻፍ፣ ካፖርትህ ብል አያግኘው፣ አሜን ወአሜን።

ባድሩ ግን በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ባገኘው በመጀመሪያው ሚኒባስ ከደሴ ከነፈ። መሐላ ነበረበትና ነጥቡን አልነካም፤ ፈዲላም ባንኮኒዋ ላይ እንደ ቆመች አገኛት፤ እንደ ቆመችም ተዋት። ስልኩን ይዞ፣ ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቀው ሻይ ወደ ያዙት ወደ ጋሽ ሽታው ወንበር ሄደና በሠራዊቱ ሁሉ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ ነገረ፦

«ጋሼ፣ ነጥቡ ይጽና፣ ወላሂ ብያለሁ። ግን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው! ማሽኑ እንቁላል ይላል፣ ፎቶው ምስር ነው፣ እርስዎ ደግሞ ሃምሳ ከሃምሳ! እኔን ለአንዲት ነጥብ ዘጠነኛ ክፍል አስደግመውኛል እኮ! እሺ ለኔ ብቻ፣ በጆሮዬ ያስረዱኝ፤ ይሄ እንዴት ነው ትክክል የሚሆነው?»

አሥራ አንዱ አንገታቸውን አሰገጉ። ፈዲላ ባንኮኒውን ትወለውል ነበር፤ እጇ ቆመ። ጋሽ ሽታውም ሻያቸውን ፉት ብለው፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አላስረዳም።»