ክቡርነታቸው ያሳጠሯት መኪና

መኪናው አንዴም ጥፋት ሠርቶ የማያውቅ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ጎማው ቢተነፍስ ባለጌው ሚስማሩ ነው። ሞተሩ ቢግል ፀሐይዋ በዝታ ነው። ጠዋት አልነሳም ብትለው እንኳ "ትናንት ደክሟት ነበር" ይላል እንጂ ባትሪው ሞቷል አይልም። ልጆቹን ሲቆጣ የማይራራ፣ ሾርባው ላይ ጨው ቢበዛ በዓይኑ የሚናገር ሰው፣ መኪናው ዘንድ ሲደርስ ጥብቅና ይቆማል። ከሳሽ ሳይመጣ፣ ዳኛ ሳይሰየም ይከራከራል።

የዚህ ወገን አለቃ ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ የፖስታ ቤቷን ሠራተኛ ይጠይቃት። ከአለቃው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረው እሷ ናት።

ባሏ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደስ ሲላት "አንተ" ትላቸዋለች፣ ስትናደድ "ክቡርነትዎ"። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሁለተኛው ስለሆነ እኛም በዚያው እንቀጥል።

ክቡርነታቸው በሙያቸው አይታሙም። አንድ ትከሻው የወደቀውን ቀጥ አድርገው፣ ሆዱ የቀደመውን አስከትለው ይሸኛሉ። መንገድ ላይ ወዳጅ ሲያገኙ ከሰላምታው በፊት እጅጌውን ነው የሚያዩት። የመኪናዋም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ዓይን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሲመለከቷት፣ በጎማውና በላዩ በተደፋው ፓራፋንጎ መሃል ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት አዩ። አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

"የታላቅ ወንድሟን ሱሪ የለበሰች ነው የምትመስለው" አሉ።

"ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራት" አለች ሚስታቸው።

"ፋብሪካ ለሁሉም ይሰፋል። እኔ የምሰፋው ለአንድ ሰው ነው።"

እናም አሳጠሯት። ቦዲውን ከጎማው ከፍ አድርጎ በሚሸከመው ሞላ ፈንታ አጫጭር አስመጥተው ጋራዥ አስገቧት። ስትወጣ፣ እውነት ለመናገር፣ ታምራለች። ቦዲው ጎማው ላይ የተቀመጠው ልኩን ያገኘ ሱሪ ጫማ ላይ እንደሚያርፈው ነበር። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ሲያያት ክቡርነታቸው ሱቅ ውስጥ ሆነው ያዩታል፣ ያላዩ መስለው ክር ይበጥሳሉ። የድሮዎቹን ረጃጅም ሞላዎች በጨርቅ ጠቅልለው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወሸቋቸው።

ችግሩ የጀመረው የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ነው። መኪናዋ ጉብታውን ስትወጣ እንደ ደነገጠች በቅሎ ወደ ጎን ሸሸች፣ ስትወርድ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች። መሪው ንቅንቅ አላለም፣ ሁለቱም የክቡርነታቸው እጆች ላዩ ላይ ነበሩ። ሚስታቸው የበሩን እጀታ ጨበጠች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መኪናዋ ምን አጠፋች? መንገዱ ነው።"

በማግሥቱ ደግሞ ጥፋተኛው ነፋስ ነበር። አንዲት ቅጠል የማይነቀነቅበት ቀን ላይ ነፋስ ነበር። ከዚያ ሞላው አዲስ ስለሆነ መንገድ አልለመደም ተባለ። አማታቸውን ከሐኪም ቤት ያመጡ ዕለትማ ጥፋቱ ያረፈው የኋላ ወንበር ላይ ነው።

"እማማ፣ ትንሽ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉልኝ። ክብደቱ ወደ ግራ አደላ።"

"ልጄ፣ እኔ ድሮም በግራ ነው የምቀመጠው። መኪናህ ጠጥታ እንደሆነ ንገረኝ።"

"መኪናዋ ምን አጠፋች እማማ?"

"እስካሁን አላጠፋችም። ልታጠፋኝ ግን አስባለች።"

ነገሩ የለየለት ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እዚያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፣ ከጉብታው ጎን ደግሞ በዚያን ሰዓት አንድ ሰው ትልቅ መስታወት ተሸክሞ ያልፍ ነበር። መኪናዋ ጉብታውን ስትነካ ወደ መስታወቱ ዞረች። ሚስትየው መስታወቱ ውስጥ የመኪናዋን አፍንጫ፣ የባሏን የተከፈተ አፍና የራሷን ፊት አንድ ላይ አየች። ክቡርነታቸው መሪውን ጎትተው፣ ፍሬን ሲረግጡ መኪናዋ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ባለመስታወቱ መስታወቱን እንዳቀፈ ቀረ።

ሚስትየው ወረደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

"ክቡርነትዎ፣ ወይ የድሮው ሞላ ይመለሳል፣ ወይ እኔ ከእንግዲህ በእግሬ ነኝ።"

"መኪናዋ እኮ ምን…"

"ምርጫው የእርስዎ ነው።"

ይህ ቀላል ቅጣት አይምሰላችሁ። የጠዋቷ መንገድ የሁለቱ ነበረች። እሷ ወሬ ታመጣለች፣ እሳቸው በየእግረኛው ልብስ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ፤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ያላለቀው ለማታ ይተርፋል። አሁን እሷ በእግረኛው መንገድ ትሄዳለች፣ እሳቸው ባዶውን ወንበር ጎን አስቀምጠው በዝግታ ያልፏታል፣ በመስታወቱም ያዩዋታል። አለቀሱ የሚል የለም። ግን ለአንድ ሳምንት ያህል የማንንም ልብስ አልተቹም፣ ይህ ለእሳቸው ከጾም ይከብዳል።

ፖስታ ቤት ውስጥ የጎረቤት መስኮት ላይ የምትሠራው ባልደረባዋ ጠየቀቻት። "ዛሬም በእግር? ያቺ ቆንጆ መኪናችሁ ተበላሸች እንዴ?"

"ምን ትበላሻለች!" አለች ሚስትየው። "የተበላሸው መንገዱ ነው።"

ብላው ምላሷን ነከሰች። ቤቷ ስትሰማው የሚያንገበግባትን ቃል እዚህ በገዛ አፏ፣ ያውም አገጯን ቀና አድርጋ ተናገረችው።

ሞላውን የቀየረው የጋራዡ መካኒክም የቻለውን አደረገ። ከሥር ገብቶ የሚነቀነቀውን ሁሉ ነቀነቀ፤ የላላ የለም። ጎማዎቹን በመሣሪያ አስለካ፤ ቀጥ ብለዋል።

"ጋሼ፣ ቆማ ስትለካ አንድ እንከን የላትም" አለ። "እኔን ከሰሙኝ ሞላውን እንመልስ።"

"አሳጥሬ ያወጣሁትን ሥራ መልሼ ላስረዝም? ደንበኞቼ በምን ዓይን ያዩኛል?"

እንዲህ ይበሉ እንጂ ማታውን ከጠረጴዛው ሥር ጥቅሉን ስበው አወጡ። ጨርቁን ገለጥ አድርገው ሞላዎቹን አዩ። ሸፈኗቸው፣ ግን ወደ ቦታቸው አልመለሷቸውም፤ በሩ አጠገብ አቆሟቸው። ሚስትየው አይታ ያላየች መሰለች። ማሸነፏ ነበር፣ ደስ ግን አላላትም።

በዚያው ሰሞን ኮት ጀመሩላት። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፣ ለእግረኛ የሚሆን፣ ኮሌታው አንገት የሚይዝ፣ ወፍራም ኮት ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የማይችል ሰው መርፌ መያዝ ከቻለ መላ አያጣም። ለልክ መስታወቱ ፊት አቆሟት። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ ጀርባው ያለ አንድ ሽብሽብ።

"እጅሽን አንሺ" አሉ ስፒል በጥርሳቸው እንደያዙ።

አነሳች። የኮቱ ጎን ተከትሎ ተሳበ፣ ጀርባው ተጣመመ።

"ይኸው! ቆሞ ሲለካማ ሁሉም ኮት ልክ ነው። ጉዱ የሚወጣው እጅ ሲነ…"

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። መስታወቱን አያዩም፣ እሷንም አያዩም፣ በበሩ በኩል ውጭ የቆመችውን መኪና ነው የሚያዩት።

"ቆማ ስትለካ አንድ እንከን የላትም" አሉ ለራሳቸው፣ በመካኒኩ ድምፅ። "እጇን ግን ማን አስነሳት?"

ወጥተው ሄዱ። ሚስትየው እጇ ወደ ጣሪያው እንደተሰቀለ መስታወት ፊት ቀረች።

"እኔስ? ላውርደው?" ብላ ጮኸች።

እሑድ የመኪናዋ አፍንጫ ሱቁ ውስጥ ገባ። ለጥ ያለ ወለል ያለው እዚያ ብቻ ነው። የስፌት መኪናዎቹ ግድግዳ ተጠግተው መኪናዋ በድጋፍ ተቀመጠች። መካኒኩ የአንዱን ወገን ጎማ አወለቀ፣ ሞላውንም አወጣ፤ አሁን ጎማው የሚታሰርበት ብረት ከሥሩ ክሪክ ሲገባለት እንደ ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ክቡርነታቸው ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያቸውን በጎማው ፈንታ እዚያ ብረት ላይ አሰሩ፣ ከፊትና ከኋላ ጫፉ በክር ሁለት ትናንሽ መቀስ አንጠለጠሉ። ከሥር የቅድ ወረቀት ተነጠፈ።

"መሪው መነቃነቅ የለበትም" አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰው ቢይዘው ጥሩ ነበር።"

ሚስትየው በር ላይ ቆማ ነበር። ምለው የወጡባት መኪና ውስጥ መግባት ቀላል አይደለም። ግን የማትሄድ መኪና ውስጥ መቀመጥ መሳፈር አይባልም ብላ ለራሷ ፈረደችና ገባች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

"ያዝሽው?"

"ይዣለሁ፣ ክቡርነትዎ።"

መካኒኩ ክሪኩን በትንሽ በትንሹ ያነሳል። መቀሶቹ መወዛወዝ ሲያቆሙ ክቡርነታቸው በየጫፋቸው ሥር በጠመኔ ነጥብ ያደርጋሉ። ደግሞ ከፍ፣ ደግሞ ነጥብ። የፊተኛውና የኋለኛው ነጥብ እኩል መሄድ ነበረባቸው። የኋለኛው ወደ ውስጥ ሸሸ፣ የፊተኛው ወደ ውጭ። ብረቱ በተነሳ ቁጥር፣ ማንም መሪ ሳይነካ፣ ጎማው በራሱ ፈቃድ ይዞራል። ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ የእጅጌ ቅድ የመሰለ ቅስት ወጣ።

ሚስትየው በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችው።

"እዚህ መንገድ የለም" አለች ቀስ ብላ። "ነፋስም የለም። እናቴም የለችም።"

መካኒኩ ሳል ያዘው። ክቡርነታቸው ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሱ ቅስቱን በጣታቸው ተከተሉት።

"መኪናዋ ምን አጠፋች?" አሉ በመጨረሻ። "ልኳን ሳይጨርስ የሸኛት ሰፊዋ ነው።"

ነገሩ ከዚያ በኋላ ገሃድ ወጣ። ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚይዘው ብራቾና ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጎን ለጎን አብረው መነሳት አለባቸው። መኪናዋ ዝቅ ስትል ሁለቱም ተንጋደዋል፣ ግን እኩል አይደለም። ዘንጉ ጫፉ ላይ ሽቅብ በዝቶበት ከብራቾው ቀድሞ መድረሻው ያጥራል፣ ሲያጥር የጎማውን ኋላ ወደ ውስጥ ይጎትታል።

"ኮት ካሳጠርክ ኪሱንም ማንሳት አለብህ" አሉ ክቡርነታቸው። "እኔ ኮቷን አሳጥሬ ኪሷን ረሳሁት።"

"እዚህ ግን ኪሱን ማውረድ ነው፣ ጋሼ" አለ መካኒኩ።

ቶርኖ ቤት ረዘም ያለ ብሎን ተቀረጸ፣ የዘንጉ ጫፍ ሮንዴላ በሚባለው ቀለበት ብረት እየተደገፈ ወደ ታች እንዲወርድ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሮንዴላ ሲጨመር ቅስቱ ለዘብ አለ። ሌላ ሲጨመር ሊቃና ደረሰ። ክቡርነታቸው ተስገብግበው ሌላ ቢያስጨምሩ ቅስቱ በተቃራኒው ጎበጠ።

"ይፈታ" አሉ።

ሚስትየው መሪውን እንደያዘች ሰማቻቸው። የሰፉትን በገዛ አፋቸው ይፈታ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ሮንዴላው ወጣ፣ በምትኩ ቀጭን ገባ። የፊትና የኋላ ነጥቦች ጎን ለጎን፣ እንደ ተተኮሰ የሱሪ መስመር ወጡ። ሁለተኛው ወገንም በዚያው ልክ ተሠራ፣ አጫጭሮቹ ሞላዎችም ተመልሰው ገቡ። እሷ ክንዷ እስኪዝል አልለቀቀችም፣ ሻይ እንኳ የጠጣችው በአንድ እጇ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኮቷን ለብሳ ወጣች። ፀሐይዋ ኮት የምታስለብስ አልነበረችም። የፊት በሩን ከፍታ ምንም ሳትል ተቀመጠች። መካኒኩ ድምፅ ላዳምጥ ብሎ ከኋላ ገባ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ደረሱ። እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደ። ክቡርነታቸው መሪውን በሁለት ጣት ብቻ፣ እንደ መርፌ ያዙት። መኪናዋ ጉብታውን ወጣች፣ ወረደች፣ መስመሯን ሳትለቅ ቀጥ ብላ ሄደች። ሚስትየው እጀታውን ለቀቀች።

"ደግመህ ሂድበት" አለች።

ዞረው ደገሙት። አሁንም ቀጥ አለች። ክቡርነታቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ፈገግታቸውን አስቀሩ፣ ጆሯቸው ግን ቀላ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ፣ ባልደረባዋ ልታያቸው በምትችልበት ቦታ፣ ያለ ወትሯቸው ብዙ ቆዩ።

"አንድ ነገር ልበል" አለ መካኒኩ ከኋላ። "ለሌላ ጊዜ፣ ጋሼ፣ መሪውን ከወንበሩ ጋር በቀበቶ ማሰር ነው። እትዬ ያን ሁሉ ሰዓት ባልደከሙ።"

"ቀበቶ አልነበረኝም" አሉ ልብስ ሰፊው ፊት ለፊት እያዩ።

መካኒኩ አፉን ከፈተ። የዚያን ሱቅ የውስጥ ግድግዳ አይቶታል፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ቡኒና ጥቁር፣ ሰፊና ቀጭን ቀበቶ ተሰቅሎበታል። ሚስትየው ሁለቱንም እሑድ መሪ ይዛ የተቀመጠችው ያን ግድግዳ ፊት ለፊት እያየች ነው።

ወደ ኋላ ዞረች።

"አልነበረውም" አለች። "እኔ እዚያው ነበርኩ። አንድም ቀበቶ አላየሁም።"

ኮቷን አስተካክላ ወረደች፣ በሩንም ጓ አድርጋ ዘጋችው።