ወይዘሮ ቀስ በል

በየሰፈሩ አንድ «ቀስ በል!» ባይ አይጠፋም። ድንጋዩ ሳያደናቅፍህ ቀድሞ የሚጮህ፣ ሳትወድቅ ሊያነሳህ የሚሮጥ። የእንጅባራዋ ግን ሁሉንም ታስከነዳለች፤ ክብርት ወይዘሮ ደጊቱ፣ የደረጃ፣ የጠጠርና የጭቃ የበላይ ሹም፣ የአቶ ይኸነው ባለቤት።

ሹመቱ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። የይኸነው የፕሮስቴት ካንሰር ወደ ሌላ አካሉ ተሰራጭቶ ነበርና በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ተጀመረለት። ሐኪሙ አልሸፋፈነም። «መርፌው በሽታውን የሚመግበውን ሆርሞን ይቀንሳል። አጥንትዎን ግን ያሳሳል። ከመውደቅ ይጠንቀቁ።» ሌላም ሌላም ተናገረ፤ ደጊቱ ግን «ከመውደቅ» ላይ ቀርታለች።

በማግስቱ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ መቀመጫ ዱካው እንዳያደናቅፈው ተነሳ። ጠያቂ ዘመድ ትከሻውን መታ ሲያደርገው «ኧረ በስመአብ! ሰውዬው ብርጭቆ ነው!» ትላለች። ባጃጁ ጉድጓድ ከነካ ጉድ ፈላ። «ቀስ በል አንተ! የጫንኸው ድንች አይደለም!» በጥር የፈረሰኞች በዓል ስንቱን ጥሎ የሚያልፈው የይኸነው ዳማ ፈረስማ ዘንገና ወዳለው ወንድሙ፣ ወደ ክንዴ ተሰደደ። ይኸነው ወንበር ላይ ተተከለ። ሊነሳ ሲል «የት ልትሄድ? እኔ የለሁም?» ትመጣለች።

«ሴትዮ፣ እንቁላል አደረግሽኝ እኮ!» እያለ ያጉረመርማል። ግን አይነሳም። ወገቡን ጠቅ ባደረገው ቁጥር ተሰበርሁ ብሎ ላብ ያጠምቀዋል፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

ለሁለተኛው መርፌ ሲሄዱ ሐኪሙ ከወንበር እንዲነሳ ጠየቀው። ይኸነው ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ።

«በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«እኔ እያለሁ!» አለች ደጊቱ በኩራት። «አንዲት እርምጃ አላስኬድሁትም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። በየቀኑ ይራመዱ፣ ፀሐይ ያግኙ ብዬ። ከተቀመጡ አጥንቱም ጡንቻውም ይብሱን ይደክማል፤ የሚወድቁትም ያኔ ነው።»

ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እስከ መናኸሪያ ድረስ ከአፏ የወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «ገደልሁት።» ይኸነው ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሯት ሲኖር እንዲህ ጸጥ ያለች ደጊቱን አይቶ አያውቅም። ከካንሰሩ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራው።

ዳማው ከዘንገና ተመለሰ፤ ለመጋለብ ሳይሆን ይኸነው ልጓሙን ይዞ በእግሩ እንዲያዘግም። ትናንት የዘነበበት መንገድ ላይ ደጊቱ ከፊት ከፊት እየሄደች ጠጠር ትለቅማለች። «ቀስ በል… እዚህ ጋ ያዳልጣል… ቀስ…» ስትል ራሷ አዳልጧት ጭቃው ላይ ተዘረጋች።

ይኸነው ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

«እንዳትነካኝ! ወገብህ!» ብላ ከመሬት ጮኸች።

እጁን ሰበሰበ። የልጓሙን ጫፍ አቀበላትና ቆመ።

«ደጊቱ፣ መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ተራመድ ሲል ሰምቻለሁ።»

«ምን አልህ?»

«ሰምቻለሁ። እንዳልሰበር ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት። አንቺ ስትከለክይኝ ተመቸኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ደጊቱ ልጓሙን ይዛ ተነሳች፣ ቀሚሷን ጠራረገች። «እኔም እስካሁን እፈራለሁ» አለች፤ ዞራም መንገዱን ቀጠለች።

ይኸነው ፈረሱን እየሳበ ተከተላት። ጥቂት እንደሄዱ ደጊቱ ጠጠር ልታነሳ ዝቅ አለች።

«ቀስ በይ!» ብሎ ጮኸ።