ጥር ሠላሳ አንድ

እኛ አገር መለካት የሚባል ነገር እምብዛም አይወደድም። መንገደኛ «ጎረቤላ ስንት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል?» ብሎ ቢጠይቀን «አለፍ ብሎ ነው» እንለዋለን፤ ያቺ «አለፍ» ግማሽ ቀን እንደምታስኬድ የሚያውቀው ጫማው ብቻ ነው። ዝናቡም እንደዚያው ነው። ካካፋ «ጣል ጣል አደረገ»፣ ጠንከር ካለ «ደህና ጣለ»፣ ከዚያ ካለፈ «ምነው ተቆጣ?» እንላለን፤ የተረፈውን መለካት የባለቤቱ ነው። ወንዝ ደግሞ የሚለካው በሰው ገላ ነው፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት። የማን ወገብ እንደሆነ ግን አይነገርም። አንድ ጊዜ «ግባ፣ ወገብ ድረስ ነው» ብሎ ያስገባኝ ጎረቤቴ ቁመቱ የባሕር ዛፍ ነው። እኔ ደግሞ፣ ስለማታዩኝ ልንገራችሁ፣ በማኅበር ፎቶግራፍ ላይ ሁልጊዜ ከፊት የምቀመጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን የጎረቤቴን ወገብ ያገኘሁት አገጬ ላይ ነው።

የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ወንዝ ከሁለት በከፈላት መንደር ውስጥ ነው። እኛ ወዲህ ማዶ፣ ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማዶ። በበጋ ወንዙን ፍየል ትዘለዋለች፤ በክረምት ግን እኛና ሩፋኤል የምንገናኘው በድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። በስንት አቤቱታ የእግረኛ ድልድይ ተፈቀደልንና ባለሙያዎቹ ከደብረ ብርሃን መጥተው «መጀመሪያ ወንዙና ዝናቡ ዓመት ሙሉ መለካት አለበት» አሉ። እናንተዬ! ወንዙንማ የእኛ ሰው ሲለካው ስንት ዘመኑ፤ አንዳንዱም ሊለካ ገብቶ አልተመለሰም።

ቁጥር የተቀባ ረጅም ብረት ወንዙ ዳር ተከሉ፤ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ እኔ ግቢ አቆሙ። አንባቢ እንዲሆን የተመረጥኩትም እኔው ነኝ፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረተኛ ማለት በመንግሥት ዓይን ሥራ የሌለው፣ በሚስት ዓይን ቤት የሚያጣብብ ፍጥረት ነውና ሁለቱም ወገኖች በሹመቴ ተደሰቱ። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ቆርቆሮው ያጠራቀመውን ዝናብ እለካለሁ፣ ወርጄ ውሃው ብረቱ ላይ የደረሰበትን አነባለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ወንዙ ላይ ጥዬ ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት እይዛለሁ። ዕድሜ ልኬን «ውሃ ላይ አትጣሉ» እያልኩ ያስተማርኳቸው ልጆች አላፊ አግዳሚ ሆነው እያዩኝ ነው ይህን የማደርገው።

ከሁሉ የሳቁብኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ፣ ላሞቻቸውን ዛሬም በገዛ እጃቸው የሚያልቡ፣ ምላሳቸውም እንደ እጃቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ብረቱ ሥር ቆሜ ሳነብ ባዩኝ ቁጥር፣ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ መምህር! እግዜር ያለ ሚዛን የሚሰጠውን አንተ ትሰፍርበታለህ? ቆይ፣ እሱም የሰፈረብህ ዕለት!» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን «ድልድዩ የሚሠራው እኮ በዓመቱ ከተመዘገበው ትልቁ ሙላት በላይ ነው» አልኳቸው። መሳቃቸውን ትተው ብረቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሳይስቁበት ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በወጣትነታቸው ምጥ ጠንቶባቸው «በሰላም ከገላገልከኝ በዕለትህ ጥላ ይዤልህ እመጣለሁ» ብለው ለሩፋኤል ተስለው ነበር። ሩፋኤል ገላገላቸው። ጥላውም ተገዛ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። ዕለቱ ግን ጳጉሜ ሦስት ነው። ጳጉሜ ሦስት ደግሞ ወንዙ እንኳን ጥላ የያዘች ሴት፣ በሬም አያሳልፍ። ዘንድሮ ቀረ፣ ለከርሞ ሲሉ ሲሉ፣ ያቺ በስለት የተወለደች ልጅ እሷም ልጆች ድራ፣ እናትየው ስለቱን ለባላቸው አደራ ብለው አረፉ። እሳቸውማ በበጋ በሬሳ ሣጥን ተሻግረው ሩፋኤል ተቀበሩ። ጥላው ግን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጋሽ ደምሴ ጓዳ ቀረ።

ዞረው በአስፋልቱ ድልድይ ለምን አይሄዱም፣ ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ጭቃ የሚያዞራቸው ጉልበት የላቸውም። ቀድመው ተሻግረው ለምን አይሰነብቱም? «ላሞቹን አንተ ታልብልኛለህ?» አሉኝ። ቄሱ እንኳን አዝነው «በማንኛውም ቀን ቢያመጡት ይቀበላል» ቢሏቸው፣ «የተሳለችው ለእርስዎ ነው ወይስ ለሩፋኤል?» ብለው አሰናበቷቸው። በዕለትህ ተብሏል፣ በዕለቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደምሴ ከእኔ በላይ የወንዝ ባለሙያ ሆኑ። ክረምቱ ሲገባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዳር ይቆሙና «አይዞህ! ጨምር! ምን ነካህ!» እያሉ ወንዙን ያበረታታሉ። ወንዙ ዳር ገብስ የዘራው ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶባቸዋል።

አሁን ወደ ቅጹ ልምጣ። እየሞላሁ የምልከው ቅጽ ከፈረንጅኛ የተመለሰ ነው። ጃንዋሪን ጥር አሉት፣ ፌብሩዋሪን የካቲት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ታኅሣሥ ደረሱ። አሥራ ሁለት ገባ፣ አሥራ ሁለት ወጣ፤ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ቀኖቹን ግን አልነኳቸውም። ስለዚህ በቅጹ ላይ የካቲት በሃያ ስምንት ያልቃል፤ ጥር ግን ሠላሳ አንድ ቀን አለው። ነሐሴም ሠላሳ አንድ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ መስከረም። ጳጉሜስ? ጳጉሜ የለችም። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» እያልን ለቱሪስት የምንኩራራባት አሥራ ሦስተኛዋ ወር በገዛ አገሯ ቅጽ ላይ ማደሪያ አጣች።

መጀመሪያ የተጣላነው በጥር ነው። ሠላሳ አንደኛውን ሳጥን ባዶ ትቼ ብልክ፣ «ባዶ ሳጥን አይፈቀድም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ባለው ቢሮ መረጃ የምትቀበለው ልጅ ናት ያነሳችው፤ ትሑት ልጅ ናት፣ ይባርካት።

«ልጄ፣ ጥር ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን እኮ የለም።»

«አባባ፣ ዝናብ ካልነበረ ዜሮ ብለው ይሙሉት።»

«ወንዙንስ? ዜሮ ብል ደረቀ ማለት ነው።»

«እንግዲያው የሠላሳውን ይድገሙት።»

ሳስበው ልጅቷ እውነቷን ነው። በጥር ሠላሳ አንድ ጠብ ያለች ዝናብ ስለመኖሯ የሚመሰክርብኝ ሰው ከየት ይመጣል? ባልነጋ ቀን የፈሰሰ ወንዝ ለክቼ ላክሁ፤ ተመስግኖ ገባ።

ነሐሴ ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ ወንዙን ተቀየሙት፤ «ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሰነፈው?» እያሉ። የሩፋኤል ዋዜማ ግን ሰማይ ተቀደደ። ጠዋት ስንወርድ ውሃው ከነሐሴው ሙላት በላይ እኔን የሚያህል ሰው ቁመት ጨምሯል፤ እኔን ማለቴ ብዙ ላለማጋነን ነው። ወዲህ ማዶ የቀረው ሰው ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ እየሰማ እንባውን ይጠርጋል። ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን እልልታውን አቀለጡት። «ይኸው! ጻፍ እንጂ! ቁልጭ አድርገህ ጻፍ!» አሉኝ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ነሐሴ፣ መስከረም። ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ልጅቷ ቅጹን አገላበጠች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ «እውነትም የለችም!» አለች። አዲስ ረድፍ ልትጨምር ሞከረች፤ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ፊቷ በራ። «አባባ፣ ነሐሴ ሠላሳ አንድ ባዶ ነው!» አለችኝ። አምስት እንግዳ፣ አንድ አልጋ። ከጳጉሜ ቀኖች ማን ይደርበት የሚለውን ተመካከርንና አልጋውን ለሩፋኤል ሰጠነው። ስመለስ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው።

«ሩፋኤል ነሐሴ ሠላሳ አንድ ነው እንግዲህ?» አሉኝ።

«በቢሮ አቆጣጠር።»

«እሰይ፣ የገባበት ይግባ፤ ብቻ ይግባ!»

ዓመቱ አለቀ፣ ሠራተኞች መጡ፣ ምሰሶው ተተከለ። ከፍታው ግን ዓይኔን አልሞላው አለኝ። የነሐሴውን ውሃ ያመልጣል፤ የሩፋኤሉን አያመልጥም። እንደገና ሚኒባስ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን አወጣችልኝ። ኃላፊዋ ነሐሴ ሠላሳ አንድን በቀይ ሰርዞ፣ ከጎኑ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ነሐሴ ያለው ሠላሳ ቀን ብቻ ነው። የመዝጋቢ ስህተት።» ለካስ ሰውየው ዘመን መቁጠር ያውቃል! ጥር ሠላሳ አንድን ግን አልነካውም። እሱ ዝናቡ ዜሮ፣ ወንዙም የሠላሳው ድጋሚ ስለሆነ ማንንም አላስቸገረ።

ገብቼ ጮኽኩ፤ አልዋሻችሁም፣ ጠረጴዛም መታሁ። ኃላፊው በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። «አባባ፣ ሥራው ተጀምሯል። ደግሞም ድልድዩ አሥራ ሁለቱንም ወር ያለ ሐሳብ ያሻግራችኋል» አለኝ። ምን ይባላል? እውነቱን ነው።

ድልድዩ ግንቦት ላይ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከሥሩ ፍየሎች ጫማቸውን ሳያርሱ ተሻገሩ። ነገሩን ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። «አይ መምህር፣ ዘንድሮ ላይሞላ ይችላል እኮ» አሉና ደግሞ፣ «ግን አምና ሙላ እያልኩ ስነዘንዘው ከርሜ፣ ዘንድሮ አትሙላ ብለው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ያን ክረምት ወንዙ ዳር አልቆሙም። ሰማዩን ባዩ ቁጥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ።

የሩፋኤል ዕለት ጠዋት ጺማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥላውን ከላስቲኩ አውጥተው ታቅፈው ቤቴ መጡ። ከፋዩ አንድ ቀን እንኳን ፀሐይ ስላልመታው ትናንት የተገዛ ይመስላል። አብረን ወረድን። ድልድዩ የለም። መኖሩስ አለ፤ ከውሃው ሥር ነው። ከላይ የሚታየው የመደገፊያው ብረት ጫፍ ብቻ ነው፣ ውሃውን ለሁለት እየሰነጠቀ።

ዝናቡ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና ሰው ሁሉ ነጠላውን ከራሱ ላይ አውርዶ ቆመለት። ጋሽ ደምሴም ጥላ ታቅፈው ተደበደቡ። ከወዲያ ማዶ ታቦቱ ወጣ፤ ጥላዎቹ በዝናቡ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው። ጋሽ ደምሴ አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው ቆዩና፣ «አንድ ይጎድላቸዋል» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እኔንም ቅጹንም።

«ስንት ደረሰ?» አሉኝ በመጨረሻ።

የመለኪያውን ብረት አየሁ። «ያምናውን አልፎታል።»

«ጻፈዋ!»

«የት ላይ ልጻፈው፣ ጋሽ ደምሴ?»

ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ጠበሉ ይሁን ሌላ እንጃ። ጥላውን መልሰው በጋቢያቸው ሸፈኑና ወደ ቤታቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ጥር ሠላሳ አንድ ላይ ጻፈው» አሉኝ። «እኔም ስለቴን የማገባው ያን ዕለት ነው።»