በረጅሙ ብተነፍስ ሽማግሌ ላኩብኝ

የሚጮኽ አለቃ ያላችሁ ሰዎች፣ ደስ ይበላችሁ! አለቃ የሚፈራው ሲጮኽ አይደለም፤ ዝም ሲል ነው። ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። ዝም ያልኩት እኔው ነኝ!

ፒያሳ፣ ከመፍረስ በተረፈች አንዲት አሮጌ ሕንፃ ሥር የሠርግ ካርድ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ሰፊ አድርጋችሁ አታስቧት፤ ማሽኑ ሲሠራ ከመካከላችን አንዱ ደጅ መውጣት አለበት። ሠራተኞቼ ሁለት ናቸው፤ ካርዱን የምትነድፈው አስቴርና ማሽኑን የሚያሠራው ብርሃኑ። ሦስተኛው ሠራተኛ ጩኸቴ ነው። "ብርሃኑ!" ብዬ ስጣራ ውቤ በረሃ ያሉ ብርሃኑዎች ሁሉ "አቤት!" ይላሉ እየተባልኩ እታማለሁ።

ታዲያ ጥር ሊገባ ሲል (ጥር ለእኛ ለካርድ ሰዎች ምን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም፤ አገር ምድሩ የሚጋባበት ወር ነው) አስቴር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ፊቴ ቆመች።

"ጋሽ ደረጀ፣ አምስት ኪሎ ያለው ማተሚያ ቤት 'ነይ' እያለኝ ነው። ከእንግዲህ አንዴ ከጮኽክብኝ እሄዳለሁ።"

"እኔ ደግሞ መቼ ነው የምጮኸው?!" አልኩ... ጮኼ።

በአገጯ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ሁለት መንገደኞች ቆመው ጠብ እስኪጀመር ይጠብቃሉ።

አስቴር ሄደች ማለት ማተሚያ ቤቴ ተዘጋች ማለት ነው። ሙሽሮቹ የሚመጡት የእሷን እጅ ብለው እንጂ የእኔን ፊት ሊያዩ አይደለም። ስለዚህ አንድ ወዳጄ "የሰከነ አመራር" የሚባል ሥልጠና አለ ሲለኝ ዓይኔን ሳላሽ ተመዘገብኩ።

አሠልጣኙ ማይክራፎን ጉንጩ ላይ የለጠፈ ወጣት ነው። "አመራር ከትንፋሽ ይጀምራል! ትንፋሻችሁን አዳምጡ!" አለን። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከሁላችንም በላይ አዳመጠ፤ እስከ ሻይ ሰዓት አንኮራፋ። እኔ ግን የጨነቀኝ ሰው ነኝና ትምህርቱን ልቅም አድርጌ ያዝኩ። ሰው ሲያናግርህ ቶሎ አትመልስ። በረጅሙ ተንፍስ። ፈገግ በል። ከዚያ "ሰማሁህ" በል።

ሰኞ ጠዋት ብርሃኑ መጣና "ጋሼ፣ ቀለም አልቋል" አለኝ። ድሮ ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። በረጅሙ ተነፈስኩ። ፈገግ አልኩ።

"ሰማሁህ..." አልኩት።

ብርሃኑ ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። እኔ ደግሞ "አቤት መከባበር!" ብዬ በራሴ ኮራሁ። በማግስቱ አንድ እሽግ ካርድ አጣሞ ቆረጠ። ተነፈስኩ፣ ፈገግ አልኩ፣ "ሰማሁህ።" ልጁ ላብ አጠመቀው። አስቴር ሳላዛት ማኪያቶ ገዝታ ታመጣልኝ ጀመር። ስገባ ወሬ ይቆማል። ማታ ቤቴም ያው ነው፤ ባለቤቴ ሰናይት "ማን አስቀይሞህ ነው?" ትላለች፣ እኔ እተነፍሳለሁ።

ለካ ሰዎቼ "ጥርስ ባዳ ነው፤ ይሄ ሰውዬ በሆዱ ይዞብናል" ብለው እንቅልፍ አጥተው ኖሯል!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ማሞ፣ ከሁለት ነጠላ ካጣፉ ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ከኋላቸው አስቴር አንገቷን ደፍታለች። ብርሃኑ ደግሞ አንድ ደስጣ ወረቀት ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል።

"ይግቡ ጋሽ ማሞ! ይቀመጡ እንጂ!"

"የመጣንበትን ሳትሰጠን አንቀመጥም።"

"ምንድነው የመጣችሁበት?"

"ይቅርታ!"

ሰናይት በጆሮዬ "ምን አድርገሃቸው ነው አንተ?" አለችኝ። እኔ ዓይኔ ብርሃኑ ላይ ቀርቷል።

"ብርሃኑ፣ የተሸከምከው ምንድነው?"

"ድንጋይ ነው፣ ጋሼ።"

"ወረቀት ነው እንጂ!"

"ፒያሳ ድንጋይ ከየት ይገኛል? ያለው ሁሉ መንገድ ላይ ተነጥፏል። ብነቅል እታሰራለሁ።"

ጋሽ ማሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ምን በደሉህ?"

"ምንም!"

"ምንም ያልበደለህን ሰው እያየህ ትተነፍሳለህ?"

"ሥልጠና ነው፣ ጋሽ ማሞ! ትንፋሼን እያዳመጥኩ ነው!"

ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "አያችሁ? ነገሩ ጠልቋል።"

በዚህ ጊዜ ሥልጠናው ከነሻይ ሰዓቱ ከውስጤ ብን ብሎ ጠፋ።

"አልተቀየምኩም አልኩ እኮ!!!"

የቁም ሳጥኑ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ብርሃኑ ወረቀቱን ዱብ አደረገና "ተመስገን! ዳነልን!" አለ። ጋሽ ማሞም ተቀመጡ።

እኔ ግን ወደ አስቴር ዞርኩ። ጮኼያለሁ! ሄደች በቃ፣ አምስት ኪሎ ገባች ብዬ ሳስብ፣ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

"ጋሽ ደረጀ፣ እኔ አትጩህብኝ አልኩ እንጂ አታናግረኝ ወጣኝ? ከጩኸትና ከዝምታ መሃል እኮ መናገር የሚባል ነገር አለ!"

"የዛሬው ጩኸት ለዕርቅ የወጣ ስለሆነ አይቆጠርም" ብለው ጋሽ ማሞ ፈረዱ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባልን፣ ምሳም አብረን በላን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ባባ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስጮኽባቸው ማንም ሽማግሌ አልላከብኝም፤ ዝም ብላቸው ግን እሑዳቸውን ትተው ቤቴ ድረስ መጡ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ካርድ አነሳሁ። ወርቃማው ቀለም ደብዝዟል። አልጮኽኩም፤ ዝምም አላልኩም። ሰው በሚነጋገርበት ድምፅ "አስቴር፣ ይሄ ቀለም ደብዝዟል፤ እንደገና ብናትመው ይሻላል" አልኳት።

አስቴር ካርዱን አየች። እኔን አየች። ዓይኗን ጨፈነች። በረጅሙ ተነፈሰች... ፈገግም አለች።

"ሰማሁህ..." አለች።

ስልኬን ይዤ ወደ ደጅ ሮጥኩ። "ጋሽ ማሞ! ቶሎ ይድረሱልኝ! ወረቀቱን ተሸክሜ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ!"