ከፋብሪካው አለፍ ብሎ

አቅጣጫ ሲጠየቅ ገና ባልተሠራ ነገር የሚያመላክት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ወደ ከተማችን ወደ መርሳ ኑ። መሪያችን በቴሌቪዥን አገሩን በኢንዱስትሪ እንደሚያበለጽጉ ከተናገሩና የፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለልን ወዲህ፣ ድንጋዩ ያለበትን ባዶ ሜዳ «ፋብሪካው» ነው የምንለው። ፍየሎቻችንም የሚግጡት ፋብሪካው ውስጥ ነው።

በጦርነቱ ከቆቦ የተፈናቀለች እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ጠየቀችን። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ «ፋብሪካውን እንዳለፍሽ በስተቀኝ ነው፣ ልጄ» አሏት፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ብዙ ቆይታ ላብ አጥምቋት ተመለሰች። «ፋብሪካ የሚባል አጣሁ፤ እሱንም ከባድ መሣሪያ መታው እንዴ?»

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት አዩ። እኔ ልጁን ከጀርባዋ ተቀብዬ ወደ ጤና ጣቢያው እየመራኋት «አዎ» አልኳት።

«አይዟችሁ» አለችኝ፤ «አላህ ይተካላችሁ።»