ባለ መቶ ዋቱ አምፖልና እኔ አስተርጓሚዋ

ቆይ ትንፋሼን ልሰብስብ። የትላንት ምሽቱን ጉድ ከመጀመሪያው ላውራላችሁ።

ናይሮቢ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ትምህርት፣ ሌላው አስተርጓሚነት። ባንክ እኔ፣ ክሊኒክ እኔ፣ አከራያችን ሲቆጣ እኔ። አባዬ ሳውዝ ሲ ሰፈር አስራ አንድ ዓመት ኖሮ ስዋሂሊው ከሰላምታው ከ«ሃባሪ» አላለፈም። ምን ቸገረው? እኔን ወልዷል!

የመኪናችን መብራት ደግሞ ያናድደዋል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ፊት ለፊት መጥቶ ዓይኑን ባጠፋው ቁጥር «የኛ መብራት ነው ወይስ ጧፍ?» ይላል። ትላንት ከሰዓት ሁለት ባለ መቶ ዋት አምፖል ገዛና ፉንዲ ሙቲሶ ጋ ሄድን። እዚህ ፉንዲ ማለት መካኒክ ነው። የሰፈሩን ሐበሻ መኪና ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ ልጆቹንም የሚያሳድገው በኛው መኪና ነው።

ሙቲሶ አምፖሎቹን ገጠመና ኮፈኑን ሳይዘጋ ወደኔ ዞረ። «ዳዳ፣ ስሚኝ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። የፋብሪካው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ለስልሳ ዋት የተሠራ፤ ይሄን አይችልም፣ ይቀልጣል። ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ መሳብ አለበት። ማብሪያው ያን ሁሉ ኃይል እንዳይሸከም ሪሌ የሚባል ዕቃ ይገባለታል። ዛሬ ሪሌ የለኝም፣ ነገ ኑ፤ እስከዚያ አሮጌዎቹን ልመልስላችሁ አለ።

«ምን አለ?» አለ አባዬ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስካለፈው ተርም ድረስ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ፊዚክስ ዘጠና አንድ አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻለኝ? እዚያው ቆሜ በልቤ አሰላሁት። ሁለት መቶ ዋት፣ አስራ ሁለት ቮልት፣ አስራ ሰባት አምፔር አይሞላም። ፊውዙ ላይ ሃያ ይላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚቀልጠው? ሥራ ሊያበዛብን ነው አልኩ። የሽቦው ውፍረት ስሌቴ ውስጥ አልነበረም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

«አለቀ፣ ጥሩ ነው እያለ ነው» አልኩት አባዬን። ሙቲሶን ደግሞ፣ አባቴ ነገ ይመጣል፣ እስከዚያ አያበራውም አልኩት። ሁለቱም አመኑኝ። ተጨባበጡ እኮ!

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ነበርን፣ እማዬን ከአዲስ አበባ ልንቀበል። መብራቱ መንገዱን ቀን አስመሰለው። አባዬ እያፏጨ ነዳ። ስንመለስ አንድ ነገር ሸተተኝ። «እማዬ፣ በርበሬሽ ነው እንዴ?» አልኩ። በርበሬ እንዳልሆነ ግን ሆዴ አውቆታል። ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ። ከዚያ መብራቱ ድርግም አለ። ሞምባሳ ሮድ ላይ፣ ዝናብ እያካፋ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና!

አባዬ በግምት መኪናዋን ወደ ዳር ጎተታት። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፣ የጎን መስታወታችንን ይዞት ሄደ። «ውረዱ! ውረዱ!» ጮኸ አባዬ። እማዬ የማርያምን ስም እየጠራች ወረደች። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ጭሱ ቆመ። እኔ የስልኬን መብራት ለሚመጣው መኪና ሁሉ አውለበልባለሁ።

የባሰው ግን አባዬ ሲረጋጋ የተናገረው ነው። ነገ ሙቲሶ ጋ እንሄዳለን፣ የምሰድበውን አንድ በአንድ ትተረጉሚለታለሽ አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ለሐበሻ ሁሉ ይናገራል፣ አንድ መኪና የሙቲሶ ደጅ አይደርስም። «ሊጨርሰን ነበር እኮ ይሄ ሰውዬ!» አለች እማዬ።

እኔ? የስልኬን መብራት ማውለብለቤን ቀጠልኩ። ምክር ሁሉ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ዘጠና አንድ ያመጣን ሰው ማን ይመክራል?

ጠዋት ከአልጋዬ ተነስቼ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ሥራዬን ነው። አባዬ ካልሲውን ሲያጠልቅ ገብቼ ሙቲሶ ያለውን ከ«ዳዳ፣ ስሚኝ» ጀምሮ አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩለት። አንዱን ካልሲ አጥልቆ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ሰምቶ ጨረሰ።

«ይሄን ሁሉ ተናግሮ ነው» አለኝ፣ «አለቀ ያልሽኝ?»